ሁሉም አምስት፣ ሁሉም አንድ

ማስተርስ የጀመርኩት በእልህ ነው። ለእውቀት ጓጉቼ ነው ብል ውሸቴን ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ሰበታ፣ ጨርቅ አቅልሞ የሚያደርቅ ፋብሪካ ውስጥ። ሴት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ሁለቱ ከተሞች በካርታ ሲታዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ፣ አየር ጤና ወርዶ፣ ዓለም ገና ላይ ተጋፍቶ ነው የሚደረሰው። አሁን ሁሉም አንድ ከተማ ሆኗል ይሉናል። ታክሲዎቹ አልሰሙም መሰለኝ።

ፋብሪካው አዲስ የማድረቂያ ማሽን ከውጭ ሲያስገባ የሻጩ ድርጅት ቴክኒሻኖች አብረው መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይስቃሉ፣ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ» እያሉ ሰላም ማለትም ለምደው ነበር። ግን ማሽኑ ቆሞ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ሊከፍቱ ሲሉ እያንዳንዳችንን የሆነ ቦታ ይልኩናል። አንዱን ፊውዝ፣ አንዷን መወልወያ ጨርቅ፣ እኔን ውሃ። ስንመለስ ሳጥኑ ተዘግቷል፣ ማሽኑም ይሠራል። ያን ሁሉ ዓመት ምህንድስና ተምሬ ውሃ አመላላሽ ሆንኩ። የእኛ ሰዎች ደግሞ እንግዳ ሲሠራ አንገት አስግጎ ማየት ነውር ነው ብለው፣ ሳይላኩም ዞር ይሉላቸዋል። ደሜ ይፈላ ነበር።

ለመሐንዲሶችና ለሳይንቲስቶች ተብሎ የተዘጋጀ የቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ትምህርት መኖሩን ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ቅዳሜና እሁድ ነው የሚሰጠው። ቴክኖሎጂ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ከሰው ጭንቅላት ወጥቶ የድርጅት ሀብት እንዴት እንደሚሆን ያስተምራል ይላል ማስታወቂያው። ይሄማ ለኔ የተጻፈ ነው ብዬ ተመዘገብኩ።

ክፍሉ ውስጥ የመንገድ መሐንዲስ አለ፣ የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያ አለ፣ የሶፍትዌር ልጆች አሉ። አብዛኛው ሹመት ፈላጊ ነው፤ አልፈርድም። መምህራኑ የሚያመጡት ምሳሌ ሁልጊዜ የሞባይል ስልክ የሚሠሩ ትልልቅ የውጭ ድርጅቶች ነበሩ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ለጥናታችን የትኛውን የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብንመርጥ ይሻላል ብሎ ሲጠይቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ «ያልተዘጋውን» አለች ድምጿን ሳትቀንስ። ያን ቀን ወዳጅ ሆንን። እሷ ኬሚስት ናት፣ ሱሉልታ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው።

የመመረቂያ ጥናቴን በራሴ ፋብሪካ ላይ ለማድረግ ወሰንኩ። ምክንያት ነበረኝ። ማሽኑ ሲገዛ በውሉ ውስጥ ስልጠና ተጽፎ ነበር፤ የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ ማሽኑ የተሠራበት አገር ሄደው ለወራት ሊማሩ። ለነዚህ ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁሉም ፓስፖርት አውጥተዋል። አንዷ ቴክኒሻን ልጆቿን ለእናቷ ለመተው ከወዲሁ ተነጋግራ ጨርሳለች። የጥገና አለቃችን የተጂ ሰው ናቸው፤ ኦሮሚኛ የሚችለውም የማይችለውም ኦቦ፣ ማለትም አቶ፣ ብሎ ብቻ ነው የሚጠራቸው። እኔ ፊደል ስቆጥር እሳቸው ሞተር ያድሱ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው ተብሎ ሲቀለድባቸው አይስቁም። ማሽኑ የተወለደበትን ቤት አይቼ ልምጣ፣ ከዚያ በኋላ ተጂ ገብቼ ብተኛም አይቆጨኝም ይሉ ነበር።

ስልጠናው ግን ከዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰበብ አያጣም። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን አልሰጠውም። እንግዲህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሰዎቹ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይቼ በቁጥር ባሳይ፣ ክፍተቱ ይኸው፣ ስልጠናው ይኸው ብዬ ብጽፍ፣ ማንም ሊሰርዘው አይደፍርም። ድርጅቱም ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ቅጂ እንድሰጥ ብቻ አስፈርሞ ፈቀደልኝ።

መጠይቁን በአማርኛም በኦሮሚኛም አዘጋጀሁ። ማሽኑ ቢቆም ምክንያቱን ራሴ አገኛለሁ፣ ያለ ውጭ ባለሙያ እርዳታ ማስነሳት እችላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ያለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ አንድ ማለት በጭራሽ አልስማማም፣ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ። ወርክሾፕ ውስጥ ሰብስቤ አስረዳኋቸው። ይሄ ለዲግሪዬ መመረቂያ ነው፣ ተባበሩኝ አልኩ። ይህችን ቃል ስናገር ፊታቸው እንዴት እንደበራ አሁንም ይታየኛል።

እሁድ መልሶቹን ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። ወዳጄ በኮምፒውተር ቁጥር መተንተን ከኔ ትሻላለች። ቤቷ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ነው፣ የእንጦጦ ጀርባ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል፤ ጋቢ ለብሰን እኔ እያነበብኩ እሷ ትጽፍ ጀመር። አምስት። አምስት። አምስት። ሁለተኛው ሰው፣ አምስት። ሦስተኛው፣ አምስት። መጀመሪያ ሳቀች። እየቆየች ሳቋ ቀነሰ። ኦቦ ደግሞ ምልክቱ እንዳይጠፋ ብለው ይመስለኛል እስክሪብቶውን ደጋግመው አክብደውበታል። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ውስጡን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ከፍተው እንጠግነዋለን ብለዋል።

«ይሄ መጠይቅ አይደለም፣ ምርቃት ነው» አለች ወዳጄ።

እውነቷን ነበር። እህታችን ጥሩ ውጤት ታምጣ ብለው ነው። መምህር የሚሰጠው ማርክ መስሏቸዋል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ሲሰጡኝ እኔን ከፍ ያደረጉ መስሏቸዋል። ሰው ሰውን ሲወድ እንዲህ ያደርጋል፤ ምን ይባላል? በሥልጡን አገር የተጻፈው የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ግን ለዚህ ምዕራፍ የለውም። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም።

ሰኞ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ መልሱ እውነት አይደለም፣ ልድገመው አልኩ። አማካሪዬ ብዙ ተማሪ የተጫነባቸው ደክሟቸው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቁጥሮቹን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዳታ ዳታ ነው አሉኝ። ያልተጻፈውን ከየት አመጣሽ፣ ተመራማሪ የሰው ልብ አይገባም፣ ይልቅ ምዕራፍ ሁለትሽ ረዝሟል አሉ። ጊዜው ሄዷል፣ ብዘገይ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያም አለ። የደረስኩበትን ያህል ጻፍኩት፤ መልሱ የተጋነነ ሊሆን እንደሚችልም በግልጽ ጨመርኩበት። ቅጂውንም በገባሁት ቃል መሠረት ለድርጅቱ ሰጠሁ።

ሥራ አስኪያጁ ያን ጥናት ያነበበው አይመስለኝም። ሰንጠረዡን ግን አይቶታል። በስብሰባ ላይ ግድግዳው ላይ አበራውና፣ የራሳችን መሐንዲስ ባጠናችው መሠረት የጥገና ባለሙያዎቻችን ያለማንም እርዳታ ማሽኑን እንደሚያንቀሳቅሱ ተረጋግጧል አለ። ባለቤቶቹ አጨበጨቡ። ውሉ ሲሻሻል ስልጠናው ወጣ፣ በምትኩ መለዋወጫ ገባ። የውጭ ቴክኒሻኖቹም ቀናቸው ሳይደርስ ሻንጣቸውን አዘጋጁ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ክው አልኩ። የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ ከሰንጠረዡ ሥር ነበር፤ እሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አልገባም።

ወደ ወርክሾፑ ስወርድ እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ልጆቿን ለእናቷ ልትተው የነበረችው ቴክኒሻን ፊቷን ወደ መሣሪያ ሳጥኗ አዙራ ቁልፎቿን ታስተካክላለች፤ የተስተካከሉትን መልሳ ታስተካክላለች። ኦቦ ደግሞ ይባስ ብለው አጽናኑኝ። ለመሆኑ ለዲግሪዬ ጠቀመኝ ወይ ብለው ጠየቁ። እንዲህ ዓይነት ደግነት ከስድብ ይብሳል፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በቁጣ ነው የገባሁት። ሰዎቹ ያን የሞሉት እኔን ለመጥቀም ብለው ነው፣ ማሽኑን ብቻቸውን አይችሉትም፣ ስልጠናው ይመለስ አልኩት። ወንበሩን እያሽከረከረ አዳመጠኝ።

«ታዲያ ጥናትሽ ውሸት ነው? ለዩኒቨርሲቲው ልንገርልሽ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ይንገሩ አልኩት። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ነበር። ዲግሪው ገደል ይግባ፣ እነዚህ ሰዎች ስልጠናቸውን ያግኙ እንጂ። ይሄን አልጠበቀም መሰለኝ ወንበሩን ማሽከርከር አቆመ። ከዚያ፣ እንግዲያው እንደገና አጥኚና አምጪ፣ እውነት ካልቻሉ ከሻጩ ጋር መልሼ እነጋገራለሁ አለ። እኔም አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

ለወዳጄ ስነግራት «ተይ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሰበሰብኳቸው። አሁን ለዲግሪዬ አይደለም አልኩ፣ ስለ እኔ አታስቡ፣ የምትችሉትን እችላለሁ፣ የማትችሉትን አልችልም በሉ፣ እውነቱን ብቻ። ስልጠናው በዚህ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑንም ነገርኳቸው፤ መደበቅ ልክ አልመሰለኝም። በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሻይ ሰዓት ግን እኔ በሌለሁበት ተሰብስበው ተመካክረዋል፤ ይሄንን በኋላ ነው የሰማሁት።

ሁሉም አንድ። ከላይ እስከ ታች አንድ። የተቃጠለ ፊውዝ መቀየር እችላለሁ ለሚለው፣ በጭራሽ አልስማማም። የሞተር ድምፅ ሰምቼ ችግሩን እገምታለሁ ለሚለው፣ በጭራሽ አልስማማም። ኦቦ፣ ከበር ላይ ሆነው በድምፁ ብቻ የትኛው ሞተር እንደታመመ የሚናገሩት ሰውዬ፣ ፊውዝ መቀየር አልችልም ብለዋል።

ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ምን ነካዎት፣ ማን ያምነናል፣ በአምስቱ ሞኝ ሆንን፣ አሁን ደግሞ በአንዱ አልኩ። ጩኸቴን አስጨርሰውኝ ተረጋግተው መለሱልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ስልጠና የሚሰጠው ለማያውቅ ሰው አይደል እንዴ? ትንሽ አውቃለሁ ካልን፣ በትንሿ ቆዩ ይሉናል።»

ልጄ ማለታቸው ነው። ይሄንን ፋብሪካ ከኔ በፊት ያውቁታል፤ ያልጠየቀ የማያገኝበት፣ ግማሽ የጠየቀ ደግሞ የሚረሳበት ቤት ነው። እውነቱ ግን በሁለትና በሦስት መካከል የሆነ ቦታ ነበር። ይሄን እችላለሁ፣ ያንን አይቼው አላውቅም፣ ያኛውን ፈረንጁ አጠገቤ ቢቆም እደፍረዋለሁ፣ ብቻዬን ግን እፈራለሁ የሚል ነው የሰው እውነት። ያንን ለመናገር ደግሞ የሚሰማው ሰው አይቀጣኝም ብሎ ማመን ያስፈልጋል። እኛ ያንን እምነት ከየት እናምጣ?

ያን መልስ ለሥራ አስኪያጁ ልሰጠው አልፈለግሁም። እሱ ግን አልረሳም፣ ጥናቱ የድርጅቱ ነው ብሎ አስመጣው። ይሄም እውነት አይደለም አልኩት። የመጀመሪያው እውነት አይደለም፣ ሁለተኛው እውነት አይደለም፣ ታዲያ አንቺ ሙያሽ ምንድን ነው አለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ፊውዝ መቀየር የማይችል የጥገና ክፍል ይዘን ለምን እንኖራለን ተባለ። በራሳቸው እጅ የሞሉት ነው ተባለ። ጥገናው ለውጭ ተቋራጭ ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ነገር አላደረገም፤ ለማድረግ ያሰበውን የሚያስረዳለት ቁጥር ይፈልግ ነበር፣ እኛ ሁለት ጊዜ አቀረብንለት። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስረክበው በአንድ አርብ ከሰዓት ወጡ። ያቺ ቴክኒሻን ወደ ሰንዳፋ ወደ ወንድሟ ዘንድ ሄደች ሲባል ሰማሁ። ኦቦ ተጂ ገቡ።

እኔ ተመረቅሁ። ለአማካሪዬ ሁለተኛውን መልስ ባሳያቸው፣ የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፣ በሱ ጨርሺ አሉኝ። ዲግሪውን ትቼ ልወጣ ነበር። ኦቦን በስልክ ሳማክራቸው ተቆጡኝ፤ የኛስ ሄዷል፣ ያንቺ ለምን ይሄዳል አሉ። ዲፌንሱ ላይ ፈታኞቹ ውጤቱ እጅግ አበረታች ነው አሉ፤ ያገር ልጅ ቴክኖሎጂን እንዲህ ሲቆጣጠር ማየት ያኮራል አሉ። በዚያን ሰዓት አንድም የጥናቴ ሰው ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ይሄንንም ነገርኳቸው። የሠራተኛ ፍልሰት ሌላ ርዕስ ነው፣ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ተይለት ተባልኩ። የምረቃ ፎቶዬን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ስገባ ስወጣ አላየውም።

ፋብሪካው ያስቀረኝ ተቋራጩን እንድከታተል ነው። የቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ክፍል ኃላፊ ይሉኛል፤ ክፍሉ እኔ ነኝ። የተቋራጩ ልጆች ቢጫ ጃኬት ለብሰው ይመጣሉ፣ ማሽኑን ይዞሩታል፣ ሲጨንቃቸው ወደ ውጭ ይደውላሉ። ማሽኑ ከሚሠራበት የሚቆምበት ይበልጣል። እኔም ቁጭ ብዬ የቆመበትን ምክንያት እመዘግባለሁ። ሙያዬ ይሄው ሆኗል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ተቋራጩ ሰበታ አካባቢ የሚኖር ልምድ ያለው የጥገና ሰው ሊቀጥር መሆኑን ሰማሁ። ሳልውል ሳላድር ለኦቦ ደወልኩ። በማግስቱ መጡ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ጫማቸው ላይ የተጂ ጭቃ እንዳለ። ከስተዋል። በር ላይ ጥበቃዎቹ ተነስተው ሳሟቸው። ቆይ እኔ ልግባና ላናግር ብዬ ትቻቸው ገባሁ።

የተቋራጩ ተቆጣጣሪ ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ እህቴ እያለ ነው የሚያዋራኝ። ስለ ኦቦ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ሰው አታገኝም አልኩት። የስልጠና ምስክር ወረቀት አላቸው ወይ አለኝ። ስልጠናው ተሰርዟል አልኩ። ራሱን አከከና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረልኝ። ሥራውን ሲረከቡ ፋብሪካው የሰጣቸው ሰነድ ነው። የኔ ሁለተኛ ጥናት፣ የኔ ስም ከላይ፣ የጥገና አለቃ በሚለው መደብ ሥር ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

«እህቴ፣ አይችሉም ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ግራ ገብቶት ነው።

ውሸት ነው አልኩት። አንደኛውም ውሸት ነበር፣ ይሄም ውሸት ነው፣ እኔን እመነኝ አልኩት። ከንፈሩን መጠጠልኝ። አለቆቼን ምን ልበላቸው አለ። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም ነበር።

ኦቦ አጥሩ ሥር ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። የማድረቂያው ማሽን ድምፅ እስከዚያ ይሰማል፤ ጆሯቸውን ወደዚያ አድርገዋል። ቦታ ሞልቷል ልላቸው አስቤ ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ፣ የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ኮታቸውን ቆለፉት፣ መልሰው ከፈቱት።

«ግን ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነቱን ንገሪኝማ። አንቺ አጥንተሽዋል። እኔ ያንን ማሽን እችለው ነበር?»

የሚያሾፉ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። አያሾፉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ማሽን ሲያስነሱ የኖሩ ሰው የሚያውቁትንና የማያውቁትን መለየት ተስኗቸው እኔን ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ አጥንቼ፣ ዲግሪ ይዤበት፣ መልሱን አላውቀውም። አንድም ቀን ማሽኑ ፊት አብረን ቆመን፣ ሳጥኑን ከፍተን፣ እስቲ ይሞክሩት ብያቸው አላውቅም፤ ማንም ብሏቸው አያውቅም። አላውቅም ኦቦ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የተጂ መኪና እስኪመጣ አብሬያቸው ቆምኩ።